የፑሽሮዱ ርዝመትና የአቶ ይርዳው ስም

ጡረታ ከወጣሁ አንድ ክረምት አለፈ። ቤቴ ንፋስ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ድሮ ጠዋት ስነሣ በሦስት አቅጣጫ የናፍጣ ወፍጮ ሲመታ እሰማ ነበር። የትኛው ደህና እንዳደረ፣ የትኛው እንዳመመው ከአልጋዬ ሳልወርድ እለይ ነበር። አሁን የከተማው ወፍጮዎች በመብራት ነው የሚሠሩት። የመብራት ሞተር ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ይነሣል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሰው አይፈልግም።

የተሸኘሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ከመዝገብ ቤት አንዲት ልጅ፣ «ጋሽ ሙላት፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ከባዱ ሥራ የትኛው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «መንገዱ ነዋ» አልኋት። የስማዳን መንገድ የማያውቅ አልነበረምና ሰው ሣቀ። ነገር ግን እውነቱን አልነገርኋትም። ለእኔ ከባዱ ሥራ ክንድ የምታህል አንዲት የብረት ዘንግ ነበረች። በጊዜው አልለካኋትም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የድሮ የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር የሚያስገባ አንድ ቫልቭ፣ ጭስ የሚያስወጣ ሌላ ቫልቭ አለው። ቫልቮቹ ያሉት ከላይ፣ ቴስታታ በምንለው የሞተሩ ክዳን ውስጥ ነው። መቼ እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ የሚያዛቸው ግን ከታች የሚዞር ካምሻፍት ነው። የታችኛውን ትእዛዝ ወደ ላይ የሚያደርሰው ፑሽሮድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ከጣት የቀጠነ ብረት። ፑሽሮዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሮከር የሚባለውን ብረት አንድ ጫፍ ያነሣል። ሮከሩ እንደ ሚዛን ነውና ሌላው ጫፉ ወርዶ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍተዋል። ይህ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ሮከሩ የቫልቩን አናት መሐል ለመሐል ከተጫነ ቫልቩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጠርዙን ከተጫነው ግን እያጋደለ ይገፋዋል። ዓይን አያየውም፣ ጆሮም ቶሎ አይሰማውም።

የተወለድሁት ስማዳ ነው። አሥረኛ ክፍል ወገዳ ላይ ጨርሼ፣ የገበሬ ማኅበራቱን ወፍጮዎች በሚጠግን ክፍል ውስጥ ረዳት መካኒክ ሆኜ ተቀጠርሁ። ክፍሉ ንፋስ መውጫ ላይ ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤትና አንድ ፒክአፕ መኪና ነበር። በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለ ወፍጮ ሁሉ ሲቆም እኛን ይጠብቃል። ደሞዙ ለአንድ ሰው የሚበቃ፣ ለሁለት ሰው የሚያጨቃጭቅ ነበር። ለአንድ ብሎን ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ከዚህ በላይ ስለ ደሞዝና ስለ ወረቀት የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ተገኘ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊማሩ ገብተው ነበር። አንድ ቀን ለየኔታ እህል እንዲያስፈጩ ተላኩ። ወፍጮ ቤቱ ገብተው ሞተሩን ሲያዩ ፈዝዘው ቆሙ፤ ዱቄቱ ተፈጭቶ ካለቀ በኋላም አልሄዱም። በማግስቱ ማንም ሳይልካቸው ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው ቀን ባለ ወፍጮው ዘይት እንዲያቀብሉት ፈቀደላቸው። «ዜማውን አልተውሁትም፤ ሌላ ቦታ ሰማሁት እንጂ» ይሉ ነበር።

ጋሼ ተገኘ መልስ ነግረውኝ አያውቁም። የሚጠይቁት ጥያቄም አንድ ብቻ ነበር፤ «ምን አየህ?» የሚል።

ከእሳቸው ጋር መጀመሪያ የሠራሁት ሞተር አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ነበር። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ፈተን፣ አጥበን፣ መልሰን ገጠምነው። ፑሽሮዶቹን ከማስገባታቸው በፊት ግን ጋሼ ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የመስኮት መስታወት አወጡ። ጠረጴዛው ላይ አነጠፉትና ዘንጎቹን አንድ በአንድ አንከባለሉበት። ሦስቱ ፀጥ ብለው ተንከባለሉ። አራተኛው ቀጭ ቀጭ እያለ ሄደ።

«ምን አየህ?»

«ተጣሟል ጋሼ።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ድምፅ አወጣ።»

«ታዲያ አላየህም፤ ሰማህ» አሉኝ። አጎንብሼ በዘንጉና በመስታወቱ መካከል ያለውን ብርሃን እስካይ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።

ቀጥለው ዘንጎቹን አቁመው ቁመታቸውን አስተያዩ። ከዚያ ኩራዝ አስመጥተው ለኮሱና ነበልባሉ ላይ ቢላዋ ይዘው ጥላሸት አስያዙ። በጣታቸው ጥላሸቱን ወስደው የእያንዳንዱን ቫልቭ አናት አጠቆሩ። ሮከሩን ገጠሙ፤ በሮከሩና በቫልቩ መካከል መኖር ያለበትን ክፍተት እንደ ቅጠል በሳሳች መለኪያ ብረት አስተካከሉ። ከዚያም ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነውና ሮከሩን መልሰው ፈቱት። በጠቆረው የቫልቭ አናት ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መሥመር ወጥቶ ነበር።

«ይህ ምልክቱ ነው» አሉኝ። «ድጓ ላይ ከፊደሉ አናት የሚጻፍ ምልክት አለ፤ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ የሚነግርህ እሱ ነው። ፊደሉን ብቻ አይቶ የሚያዜም ሰው ይሳሳታል። እዚህም እንደዚያው ነው። ክፍተቱ ልክ መሆኑ ፊደሉ ነው። ምልክቱን ሳታይ አትዝጋ።»

ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ጥላሸቱን ሲዘሉት አላየሁም። ዝናብ እየጣለብን፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ እንኳ ኩራዝ ያስለኩሳሉ። እኔ አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር። ምልክቱ ሁልጊዜ መሐል ላይ ነዋ የሚወጣው። ሁልጊዜ ልክ የሚሆነውን ነገር ለምን ደጋግመው እንደሚያዩት አይገባኝም ነበር።

ጋሼ ተገኘ ጡረታ ወጥተው ቤተ ልሔም አጠገብ ጎጆ ቀለሱ። እኔም ዋና መካኒክ ሆንሁ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ካለ መንደር ወፍጮ ቆመ ተባለ። ወፍጮውን የሚያስኬደው ስንሻው የሚባል ታታሪ ሰው ነበር። ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ተጣሟል። ባሕር ዳር ልከን ቶርኖ ቤት አስላጥነውና ይዤው ሄድሁ። ወንዙ ሳይሞላ ወፍጮው መነሣት ነበረበት። የዚያ መንደር ሰው ሌላ ወፍጮ የሚያገኘው ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለውን አቀበት ወጥቶ ነው። ክረምት ሲገባ ያ መንገድ መንገድ አይደለም።

ስፈታው አንዱ ፑሽሮድ ተጣሞ አገኘሁት። እግረ መንገዴን ከመጋዘን፣ ከተጣለ ሞተር ላይ ያወጣሁት ዘንግ ይዤ ነበር፤ ዓይነቱ ተመሳሳይ ነበርና ገጠምሁት። የጭስ ማውጫው ቫልቭም ተበልቶ ስለነበር ንፋስ መውጫ ላይ መለዋወጫ ከሚሸጠው ከአቶ ይርዳው ሱቅ የተገዛ አዲስ ቫልቭ አስገባሁ። ክፍተቱን ለማስተካከል ስሞክር ግን የሮከሩ ማስተካከያ ብሎን ሊወልቅ ጫፍ እስኪደርስ ወጥቶም አልበቃ አለኝ። ቴስታታው ተልጦ ዝቅ ብሏል፣ ዘንጉ ደግሞ ረዝሟል። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ዘንጉን አውጥቶ መለካትና ማሳጠር፣ ወይም ሌላ መፈለግ። ያ ማለት ወገዳ ተመልሶ ማደር ነው። አለቃዬ መኪናውን ለነገ ጠዋት ይፈልገው ነበር። ሹፌሩ ደመናውን እያየ፣ «ሙላት፣ ዛሬ ካልወጣን ጭቃው ይይዘናል» አለኝ።

የሮከሩን መቆሚያ ፈትቼ ሥሩ ስስ ብረት አነጠፍሁበትና ከፍ አደረግሁት። ብሎኑ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ክፍተቱም ልክ ሆነ። ጥላሸት አልቀባሁም። ሞተሩን ስናስነሣው እንደ ሰዓት መታ። ሴቶቹ እልል አሉ። ስንሻው ጠላ ቀድቶ፣ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። እኔም በራሴ ተደስቼ ተመለስሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቫልቩ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ወደቀ። ፒስተኑ ደቀቀ፣ ቴስታታው ተበሳ። ወፍጮው ክረምቱን በሙሉ ቆመ።

ሰው የግድ ገደሉን ይወርድ ጀመር። የሺ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አህያዋን ገብስ ጭና ስትሻገር ወንዙ ደራሽ አመጣ። እሷ የዛፍ ሥር ይዛ ተረፈች። አህያዋንና እህሉን ውሃው ወሰደው።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ በእግርም በበቅሎም ብዬ ወጣሁ። ሰው ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የተሰበረውን ቫልቭ በእጄ ይዤ ሳገላብጠው የሺ ከኋላ ተነሣች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ሳትቆጣ፣ «እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ እውነቱን አላውቅም ነበር። ግን አለማወቄን አውቅ ነበር። ልክ እሱን ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቫልቩን ከፍ አድርጌ አሳየሁና፣ «ዕቃው ፎርጅድ ነው። አታለውን ነው» አልሁ።

«የማን ዕቃ ነው?» አለ ስንሻው።

«የይርዳው።»

ይህችን አንዲት ቃል ነው የተናገርሁት። ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ንፋስ መውጫ ገባ። አቶ ይርዳው ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ዕቃ ሲሸጥ «ይህ ለምን ሞተር ነው? ስንት ዓመቱ ነው?» እያለ የሚያደርቅ ሰው ነበር። በዚያ ክረምት ከሱቁ የሚገባ ሰው ጠፋ። ገበሬው፣ «የየሺን አህያ የገደለው» ይለው ጀመር። የእኛም ክፍል ከእሱ መግዛት አቆመ። በመንገድ ስንተላለፍ ዓይኑን ያነሣል፣ እኔ ግን ማዶ ያለ ሰው የምፈልግ እመስላለሁ።

ጥር ላይ አርብ ገበያ አንድ ሞተር ለመደበኛ ምርመራ ከፈትሁ። ባለ ወፍጮው የዕቃ ደረሰኞቹን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከይርዳው ሱቅ እንደገዛው፣ ከገዛውም ሁለት ዓመት እንዳለፈው አሳየኝ። ቫልቩን አውጥቼ አየሁት። የፋብሪካው ምልክትና ቁጥሩ ከተሰበረው ጋር አንድ ነው። ምንም አልሆነም። አንገቱ ሙሉ ነው፣ አናቱም ላይ መሐል ለመሐል የተወለወለች ቀጭን መሥመር አለች።

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል። ፎርጅድ ከሆነ ይህኛው ለምን አልተሰበረም? እያልሁ ቫልቩን ደጋግሜ አገላብጠው ነበር።

ንፋስ መውጫ እንደተመለስሁ የስማዳውን ሞተር ስብርባሪ ያስቀመጥሁበትን ጣሳ አወረድሁ። የተቆረጠውን ቫልቭ አናት በናፍጣ አጥቤ ፀሐይ ላይ ወጣሁ። መሐሉ ጥቁር ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ፣ ወደ ሮከሩ መቆሚያ በሚዞረው በኩል፣ እንደ ጨረቃ ጉማጅ የተወለወለ ጭረት አለበት። ግንዱን በጥፍሬ ስዳስሰው በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ሮከሩ ከወር በላይ በጎን ሲገፋው ኖሮ ነው አንገቱ የደከመው።

አሁንም ማመን አልፈለግሁም። ከመጋዘን የወሰድሁትንና የሞተሩን የራሱን ደህና ፑሽሮድ አጠገብ ለአጠገብ አቆምኋቸው። የመጋዘኑ ሁለት የገንዘብ ሳንቲሞች ሲነባበሩ የሚያህል ይበልጣል። ከዚያ ሌላ ቴስታታ አምጥቼ፣ ያንኑ ስስ ብረት ከመቆሚያው ሥር አንጥፌ፣ ልክ በሰኔ እንዳደረግሁት ክፍሉ ውስጥ በነበረ ሥራ ፈት ሞተር ላይ ገጠምሁ። ክፍተቱ ልክ ነው። ጥላሸት ቀብቼ ሁለት ዙር አዞርሁ። ስፈታው ነጩ መሥመር መሐል ላይ የለም። ጠርዙ ላይ ነው፤ ጭረቱ የነበረበት ቦታ። ስሱን ብረት አውጥቼ፣ ትክክለኛውን ዘንግ አስገብቼ ደገምሁት። መሥመሩ ወደ መሐል መጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። ሦስቱንም ጊዜ ስሱን ብረት ሳነጥፍ መሥመሩ ጠርዝ ላይ፣ ሳነሣው መሐል ላይ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ምክንያቱን አግኝቼዋለሁና። ጸጸቱ የመጣው እጄን ስታጠብ ነው።

በማግስቱ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ጋሼ ተገኘ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በትራቸውን ተደግፈው ከቅዳሴ የወጣውን ሰው ያያሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሁለቱን ዘንጎችና ቫልቩን እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው። በጣታቸው ዳሰሷቸው፤ የቫልቩ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ምን አየህ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ይርዳውም ነገርኋቸው።

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት ጋሼ።»

«እንግዲያው እስከ ትናንት ስህተት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዝም ካልህ ሌላ ስም ነው ያለው» አሉና ዕቃውን መለሱልኝ።

አለቃዬ ግን ሌላ ሰው ነበር። ክፉ አይደለም፣ ረብሻ የሚፈራ ሰው ነው። «ነገሩ ቀዝቅዟል። አሁን ብትቀሰቅሰው ክፍሉ ራሱ ነው የሚወቀሰው። ይርዳውም ቢሆን ሌላ ዕቃ መሸጥ ጀምሯል» አለኝ። እውነትም ይርዳው ሱቁን ለሁለት ከፍሎ በግማሹ የፕላስቲክ ባልዲና ገመድ መሸጥ ጀምሮ ነበር። አልፌ ስሄድ ባልዲዎቹን አይ ነበር።

ለየሺ ቀድሜ መንገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። መንደሯ ስደርስ ጓሮዋ ባቄላ ትነቅል ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ቆሜ ነገርኋት። ለአህያዋ ምትክ እንደማመጣላትም ጨምሬ ነገርኋት። እስክጨርስ ድረስ ከባቄላው ቀና አላለችም።

«ውሃው አህያዬን ወሰደ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ደግሞ የሰው ስም ወሰድህ። እኔም ያን ሰውዬ የትም አይቼ የማላውቀውን፣ ክረምቱን ሙሉ ስረግመው ከረምሁ። ያ በእኔ ላይ ያለ ዕዳ ነው፤ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። አህያውን ታመጣለህ፣ አልከለክልህም። በፊት ግን የሱን መልስ።»

የማኅበራቱ ተወካዮች በዓመት አንድ ጊዜ ንፋስ መውጫ ይሰበሰባሉ። በዚያ ዓመት ስብሰባው የካቲት ላይ ነበር። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ጠረጴዛ ግቢው መሐል አውጥቼ ቴስታታውን፣ ሮከሮቹን፣ ሁለቱን ዘንጎችና የተሰበረውን ቫልቭ ደረደርሁ። አቶ ይርዳውንም ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ «ሰው ፊት የምናገረው ነገር አለኝና ና» አልሁት። ለረጅም ጊዜ አየኝና ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ።

ለምሳ ሲወጡ ተነሥቼ ቆምሁ። «አምና በስማዳው ወፍጮ የተሰበረውን ቫልቭ ፎርጅድ ነው ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። ቫልቩ ደህና ነበር። የሰበርሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሰበርሁት ላሳያችሁ» አልሁ። ጥላሸቱን ቀባሁ፣ ገጠምሁ፣ ካምሻፍቱ እንደሚያደርገው ዘንጉን በእጄ ከታች እየገፋሁ ሮከሩን አስኬድሁት፣ ፈታሁ። አንድ በአንድ እየመጡ እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ከዚያ ከታች ጋይንት የመጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተነሥቶ አጎነበሰና አየ። ስሱን ብረት ሳወጣና መሥመሩ ወደ መሐል ሲመጣም አየ።

«ገባኝ» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ማረሻውን የሚይዘው ወገል ከተዛነፈ ማረሻው በጎኑ ይሄዳል። ማረሻው ምን አጠፋ?»

ከዚያ ሁሉም እየመጣ አየ። እንደገና አድርገው ያለኝም ነበር። ስንሻው ራሱ መሥመሩን ሁለት ጊዜ አይቶ ወደ ይርዳው ሄደና ትከሻውን ሳመው።

አቶ ይርዳው ግን ጠረጴዛው ጋ የመጣው ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የተሰበረውን ቫልቭ አነሣው። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔም እኮ አምኜህ ነበር» አለኝ። «አንተ የጋሼ ተገኘ ተማሪ ነህ፤ ሙላት ካለ ልክ ነው ብዬ ነው። አስመጪው አታሎኝ እኔ ሳላውቅ ሰው ጎዳሁ ብዬ የቀረውን ካርቶን በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ጣልሁት። አሥራ አንድ ቫልቭ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ሰው እጅ ላይ ሳስቀምጥ እጄ ይከብደኛል።» ቫልቩን ጠረጴዛው ላይ መልሶ፣ «እስቲ ያን ጥላሸት አድርገህ አሳየኝ፤ ሻጩም ቢያውቀው አይከፋም» አለ። ስሠራ ቆሞ አየ። ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ጊዜ ስጠኝ» ብሎ ሄደ። አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ቫልቭ ለሚገዛው ሁሉ፣ «ስትገጥም አናቱን አጥቁር፤ መሐል ካልሆነ እንዳትዘጋው» እያለ ሲናገር ሰማሁት። ባልዲዎቹም ቀስ በቀስ ጠፉ።

የሺም አህያዋን አገኘች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና ወደ እስቴ ተዛወርሁ። ቅጣት ነበር። ግን የእስቴን ከተማ መካነ ኢየሱስን ወደድኋት፤ እስከ ጡረታዬም እዚያው ሠራሁ። ቤተሰቤ ንፋስ መውጫ ስለነበር በወር በወር እመላለስ ነበር። ከዚያ በኋላ በከፈትሁት ሞተር ሁሉ ላይ ጥላሸት ቀብቻለሁ። ቆይቶ ማርከር የሚባለው ወፍራም እስክሪብቶ ገበያ ላይ መጣና በእሱ ቀየርሁት።

ልሰናበት አራት ወር ሲቀረኝ ቄስ ሞላ ጠሩኝ። እስቴ ገጠሩ ውስጥ መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮ አላቸው። ሞተሩ ከእኔ የሥራ ዘመን ይበልጣል። ክፍተት ላስተካክል ሮከሮቹን የሚሸፍነውን የላዩን ክዳን ስከፍት የአንዱ ቫልቭ ምልክት ከመሐል ወጥቶ ጎን ላይ ነው። በደንብ የተወለወለ፣ የብዙ ዓመት ምልክት ነው። ደንግጬ ቫልቩን ያዝ አድርጌ ነቀነቅሁት። ምንም መላላት የለውም። ዘንጉን ለካሁ፣ መቆሚያውን ለካሁ። ልክ አልነበሩም። በእኔ ትምህርት ይህ ሞተር ድሮ መሞት ነበረበት።

«ምን ሆነብህ?» አሉኝ ቄስ ሞላ።

«ምንም አልሆነም አባ። እሱ ነው የገረመኝ።»

«ታዲያ ልትቀይረው ነው?»

«አልነካውም። ያልገባኝን ነገር ነክቼ አውቃለሁ» አልኋቸውና ክዳኑን መልሼ ገጠምሁት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ነገሩ አልተወኝም። ሁለት ጊዜ በሚኒባስ ሄጄ ለካሁ፣ በደብተር ሳልሁ፣ ተመለስሁ። ቀስ ብሎ አንድ ነገር ታየኝ። የእኔ ስህተት ሮከሩ የቫልቩን አናት ወደ መቆሚያው ባለው ጠርዝ እንዲጫን ያደረገ ነበር። የቄስ ሞላ ሮከር ግን ወደ መቆሚያው ሳይሆን ወደ ጎን ነው በጥቂቱ የወጣው። ክብ ነገር በጎኑ ሲጫኑት ይዞር ይሆናል። የሚዞር ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይበላም።

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ ሄድሁ። ከቄስ ሞላ ልጅ ነጭ የጥፍር ቀለም ለምኜ ቫልቩን መልሶ በሚዘጋው ስፕሪንግ አናት ላይ ባለችው፣ ቫልቩ ቢዞር አብራው በምትዞር ክብ ክዳን ጠርዝ ላይ አንዲት ነጥብ አደረግሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ የላዩን ክዳን ሳንገጥም ሞተሩን በዝግታው አስነሣነው። ዘይት ፊታችንና የቄሱን ጥምጥም ረጨው። ማናችንም ቀና አላልንም። ነጥቧ ወደ እኛ ዞራ ትነጥራለች፣ ትነጥራለች። መጀመሪያ የማትንቀሳቀስ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ግራዬ ሄዳ አየኋት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከስፕሪንጉ ጀርባ ገብታ ጠፋች።

«የት ሄደች?» አሉ ቄስ ሞላ ጆሮዬ ላይ ጮኸው።

«ይጠብቋት» አልኋቸው።

ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። በቀኝ በኩል ብቅ አለች።